አቋረጠች ወይስ ተቋረጠባት?

በአማርኛችን ትምህርት ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው «አቋረጠ» ይባላል። ግሱ ጥፋተኛውን ይዞ ነው የሚመጣው። አድራጊው ተማሪው ነው፤ ተደራጊው ትምህርቱ ነው። አስፋልት እንደሚያቋርጥ ሰው ግራና ቀኝ አይቶ፣ አስቦበት፣ ተራምዶ የሄደ ያስመስለዋል። እንግሊዝኛውም ከዚህ አይሻልም። «ድሮፕ አውት» ሲሉ እንደ በሰለ ፍሬ ከዛፉ ላይ በገዛ ራሱ የወደቀ ነው የሚመስለው። ዛፉን ማን እንደነቀነቀው ግሱ አይናገርም። እኛ ቋንቋና ታሪክ የምንማር ሰዎች ደግሞ ሌላ ሙያ የለንም፤ ሙያችን ግስ የደበቀውን ባለቤት መፈለግ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ሳይዙ የሚወጡት አቋርጠው ነው ወይስ ተቋርጦባቸው?

የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪ ቁጥር ይፈራል ይባላል፤ እኔ ግን ከቁጥር ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል እንደመዘገበው በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ዓመት ኮሌጅ በሙሉ ሰዓት ተማሪነት ከገቡት መካከል፣ በ6 ዓመት ውስጥ ከገቡበት ትምህርት ቤት ዲግሪ የያዙት ከእስያውያኑ 74 ከመቶ፣ ከነጮቹ 64 ከመቶ፣ ከጥቁሮቹ 40 ከመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፤ አራት ዓመት ሳይሆን ስድስት ዓመት ተሰጥቶ ነው። ከአሥር ጥቁር ተማሪዎች ስድስቱ በገቡበት በር ዲግሪ ይዘው አልወጡም ማለት ነው። ከስድስቱ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ኮሌጅ ተዛውረዋል፤ ግን የተዛወሩትን ተከትሎ የሚቆጥረውም መዝገብ ቢሆን ያንኑ ሰፊ ልዩነት ነው የሚያሳየው። ዝውውር ገደሉን አይሞላውም።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ በ40ው ውስጥ እኛም አለንበት። ስንመዘገብ በምንሞላው ቅጽ ላይ «ሐበሻ» የሚል ሣጥን የለም። ጎንደሬው፣ ሸዌው፣ አዲስ አበቤው፣ ናይጄሪያዊው፣ ጃማይካዊው፣ አያት ቅድመ አያቱ ደቡብ ካሮላይና ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩት ሁሉ አንዲት ሣጥን ውስጥ ነው ምልክት የሚያደርጉት። ስለዚህ «የነሱ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ በሒሳብም አያስኬድም።

እኛ ቤት ግን የሚነገረው ሌላ ነው። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ይህ ወሬ ሲነሣ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «ዕድሉ ተሰጥቷቸው አልተጠቀሙበትም።» «መማር አይወዱም።» የእናቴ ደግሞ እንዲህ ነው፦ «አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ትምህርትሽን ተማሪ። ከነሱ ጋር መዋል ምን ይጠቅምሻል? አገሩ አገራቸው ሆኖ እንኳ አልተማሩም።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ሌሊት ፓርኪንግ ጠብቀው፣ ቀን በነርሲንግ ሆም አረጋዊ አጥበውና አልብሰው ልጅ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። የፈራ ሰው አደጋው ከሌላ ሰው ጠባይ የመጣ ነው ብሎ ማመን ይቀለዋል፤ እንደዚያ ከሆነ በልጁ ላይ አይደርስማ! ግን ፍርሃት ማስረጃ አይሆንም። እስቲ አንዲት ልጅ እንዴት እንደወጣች በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የዶርም ጓደኛዬ የባልቲሞር ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ ስሟ የሷ ነው። የምታጠናው ባዮሎጂ ነበር፤ ሐሳቧ ፋርማሲስት መሆን ነው። ከቤተሰቧ ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ነች። ጧት በአሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ትገባለች፤ ማታ በሳምንት ሃያ አምስት ሰዓት ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ትቀበላለች። ከምታገኘው ላይ ለታናሽ ወንድሟ ጫማ፣ ለአያቷ መድኃኒት ትልካለች። ውጤቷ ከኔ ይበልጥ ነበር። ይህን አድምቃችሁ አንብቡልኝ፤ ከኔ ይበልጥ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የእናቷ የሥራ ሰዓት ተቀነሰ። በዚያው ሰሞን የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው የቤተሰቧን ገቢ የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ሰነድ አምጪ አላት። ሰነዱ ዘገየ፤ እርዳታው ዘገየ፤ ሒሳቧ ላይ 1,140 ዶላር ዕዳ ቀረ። ኮምፒዩተሩም «ሆልድ» የምትል ቃል አሳየ። ይህችን ቃል የማታውቁ ካላችሁ የታደላችሁ ናችሁ። ሆልድ ማለት ዕዳሽን እስክትከፍይ ለሚቀጥለው ሴሚስተር አትመዘገቢም ማለት ነው። አብሬያት መስኮቱ ጋ ተሰልፌ ነበር። የተቀበለችን ሴትዮ ጨዋ ነች፤ ፊቷም አዝኗል። «እኔ ብፈልግም ሲስተሙ አያሳልፈኝም» አለች። ከሰልፉ ወጣን። እሷም «አንድ ሴሚስተር ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ሻንጣዋን አሰረች።

እንግዲህ አንድ ሴሚስተር የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚረዝም እንየው። ተማሪ ከግማሽ ሰዓት ተማሪነት በታች ሲወርድ የፌዴራሉ የትምህርት ብድር ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ስድስት ወር ይታገሥና ከዚያ በኋላ ክፈል ይላል። ስለዚህ የቀድሞውን 1,140 ለመክፈል ሥራ የገባች ልጅ በሰባተኛው ወር ሌላ ወርኃዊ ክፍያ ይጨመርባታል። ያንን ለመሸፈን ተጨማሪ ሺፍት ትይዛለች። ተጨማሪ ሺፍት የያዘ ሰው ደግሞ ክፍል የሚገባበት ሰዓት የለውም። ገመዱ በራሱ ላይ ይጠመጠማል። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት። ስንደዋወል አሁንም «የሚመጣው መስከረም» ትላለች። እኔም እሺ እላለሁ።

በዚያው ወር የኔም ስም ላይ ሆልድ ነበረበት፤ 960 ዶላር። ልዩነታችን ምን መሰላችሁ? ብርታት አይደለም። ዕቁብ ነው። እናቴ ከሃያ ሴቶች ጋር ዕቁብ ትጥላለች። ዕጣው የወጣው ለእሷ አልነበረም፤ ለሌላዋ ነበር። ያቺ ሴት ግን «ልጅቷ ትመዝገብ፤ እኔ እቆያለሁ» ብላ ዕጣዋን ለቀቀችላት። በማግሥቱ ተመዘገብኩ። ቅጹ ላይ ይህ አይጻፍም። ቅጹ ላይ እኔ «የቀጠለች» ነኝ፤ ጓደኛዬ «ያቋረጠች» ነች። ነገ ደግሞ አንድ ጎበዝ ተናጋሪ በእኛ ምረቃ ላይ ተነሥቶ ስለ ሐበሻ ልጅ ትጋት ያወራ ይሆናል።

«ታዲያ እነሱስ ለምን ዕቁብ አይጥሉም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ደግ ነው፤ ይመለስ። መረዳዳት አጥተው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናቸውና ማኅበራቸው ልጅ ሲያስተምር ኖሯል። ግን ዕቁብ የሚሆነው ከወር ወጪ የሚተርፍ ነገር ሲኖር ነው። ታሪክ የምማረው በከንቱ አይደለምና የዚያችን ከተማ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ባልቲሞር በ1910 ጥቁሮችና ነጮች የሚኖሩባቸውን ሠፈሮች በሕግ የለየ ደንብ ያወጣች ከተማ ናት፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው እንደዚህ ያለ ደንብ የሷ ነው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1917 እንዲህ ያሉትን ደንቦች ሕገ ወጥ አላቸው። በ1930ዎቹ ደግሞ ባለሙያ ካርታ ይዞ መጣና የጥቁሮችን ሠፈር በቀይ ቀለም ቀባ፤ እዚያ ቤት ለመግዛት የባንክ ብድር ማግኘት አዳጋች ነበር። አያት ቤት ካልገዛ አባት ቤት አይወርስም፤ ቤት ያልወረሰ አባት ልጁ በ1,140 ዶላር ስትያዝ ቤቱን አስይዞ አይበደርም። እናቴ በሃያ ሴቶች የምትተካውን ነገር አብዛኛው ነጭ ቤተሰብ በአንድ ቤት ካርታ ይተካዋል። የባልቲሞሯ እናት ሁለቱም የላትም።

መንግሥትስ? መንግሥት ይህን ጉዳይ አያውቀውም አይባልም። በ1972 ለድኻ ተማሪ የማይመለስ እርዳታ የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ በ1980 በሴናተር ፔል ስም ተሰየመ፤ ዛሬ ሁላችን «ፔል ግራንት» የምንለው ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከፍተኛው ፔል የአንድን የመንግሥት አራት ዓመት ኮሌጅ የዓመት ወጪ ሦስት አራተኛ ያህል ይሸፍን ነበር። በ2024 እስከ 2025 በነበረው የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፤ ከወጪው አንድ ሦስተኛውን እንኳ አልሞላም። መሰላሉ አለ፤ ግን የታችኞቹ እርከኖች ተነቅለዋል። የተነቀለውን የሚተካው ብድር ነው። ብሩኪንግስ የተባለው የጥናት ተቋም በ2016 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጥቁር ተመራቂ በምረቃው ቀን ከነጩ ጓደኛው 7,400 ዶላር ያህል የበለጠ ዕዳ አለበት፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ወደ 25,000 ዶላር ይጠጋል ይላል። ይህ የተመረቀው ነው። ያልተመረቀው ደግሞ ዕዳውን ያለ ዲግሪው ይሸከማል።

ሰዓትም ገንዘብ ነው። ጋሉፕና ሉሚና በ2023 ባወጡት ጥናት ከጥቁር የባችለር ዲግሪ ተማሪዎች 36 ከመቶ የሚሆኑት ወይ ሙሉ ሰዓት ይሠራሉ ወይ ሕፃን ወይም አዋቂ ይንከባከባሉ፤ ከሌሎቹ ተማሪዎች እንዲህ ያሉት 18 ከመቶ ነበሩ። እጥፍ ማለት ነው። የባልቲሞሯ ልጅ በሳምንት ሃያ አምስት ሰዓት የሸጠችው ጉልበቷን ብቻ አልነበረም፤ የላብራቶሪ ሪፖርቷንና እንቅልፏን ነው።

አሁን ደግሞ ገንዘብ ብቻ ነው እንዳልል የሚከለክለኝን ነገር ላንሣ። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩሪ ትራይስማን የሚባል ወጣት የሒሳብ ሰው ነበር። ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ መምህራኑን ጠየቀ። መልሱን ከላይ ሰምታችሁታል፤ ፍላጎት የላቸውም፣ ዝግጅታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰባቸው ለትምህርት ግድ የለውም፣ ድኾች ናቸው። እንዴት ነው የበርክሌይ ፕሮፌሰርና የሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ጠጪ በአንድ አፍ የሚናገሩት? ትራይስማን ግን መልሱን አልዋጠም። ሃያ ጥቁርና ሃያ ቻይናዊ ተማሪዎችን ይዞ እስከሚያጠኑበት ድረስ ተከተላቸው። አራቱም ምክንያቶች ሲመረመሩ ውኃ አላነሡም። ከጥቁሮቹ ልጆች ብዙዎቹ ከየትምህርት ቤታቸው አንደኛ የወጡ፣ ወላጆቻቸው ገና ከሕፃንነታቸው ለኮሌጅ ያዘጋጇቸው ነበሩ። በዝግጅታቸው የተሻሉት እንኳ ይወድቁ ነበር።

ልዩነቱ የተገኘው ማታ ነው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች መምህሩ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት አጥኑ ያላቸውን ሰዓት ቆጥረው፣ በር ዘግተው፣ ብቻቸውን ያጠናሉ። ቻይናውያኑም ብቻቸውን ያጠናሉ፤ ከዚያ ግን ማታ ይሰበሰባሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ መልሳቸውን ያስተያያሉ፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ያርማል። ሁሉም የሳቱት ጥያቄ ካለ ጥያቄው ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ብቻውን ያጠናው ልጅ ግን ጥያቄው ከብዶ ይሁን እሱ ሰንፎ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «እኔ ነኝ ደካማው» ብሎ ይደመድማል። ትራይስማን በ1978 ግድም የጀመረው መፍትሔ ጎበዞች የሚጠሩበት፣ ከባድ ጥያቄ በቡድን የሚሠራበት አውደ ጥናት ነበር እንጂ ደካሞች የሚታከሙበት ክፍል አልነበረም። ውጤቱም ተለወጠ። እኛ ሐበሾች ይህን ስንሰማ ልንደነቅ አይገባም። ቆሎ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ብቻውን ነበር እንዴ? ጓደኛው ካላረመው መምህሩ ፊት ማን ያቀርበዋል?

ጓደኛዬም ብቻዋን ነበር የምታጠናው። ብቸኛ ጠባይ ኖሯት አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ «ጥንድ ጥንድ ሁኑ» ሲባል ሁልጊዜ የምትተርፈው እሷ ነበረች። ትምህርቱ ስለ ባርነት የሆነ ቀን የክፍሉ ሰው አንገት ሁሉ ወደሷ ይዞራል፤ ስለ ሴል ክፍፍል የሆነ ቀን ማንም አይዞርም። አንድ ሌሊት ከላይብረሪ ስንወጣ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቀን። ሁለታችንም አሳየን። የኔን አነጋገር ሲሰማ ግን ፊቱ ፈታ አለና «ከየት ነሽ?» አለኝ። «ከኢትዮጵያ» ስለው ስለ ምግባችን ጣዕም አወራልኝ። እሷን ከየት ነሽ አላላትም። አገሯ ነዋ! ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ አስተማሪ ወረቀቴን ሲመልስልኝ «አንቺ እኮ እንደነሱ አይደለሽም፤ ሠራተኛ ነሽ» አለኝ። ምስጋና መስሎ የመጣ ስድብ እንዲህ ያለው ነው። እኔን ከፍ ያደረገ መስሎት ጓደኛዬን ረገጠ፤ እናቴ ቡና ላይ የምትለውን በዲግሪ አጅቦ መለሰልኝ።

እንዲህ ያለው ነገር ትንሽ ነው የሚል ካለ ይህን ይስማ። ግሬግ ዎልተንና ጆፍሪ ኮኸን በ2011 ባሳተሙት ጥናት ለአዲስ ተማሪዎች አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ ሥራ ሰጡ። ነባር ተማሪዎች «እኛም መጀመሪያ ባይተዋር ነበርን፤ ኋላ ግን ለመድነው» ያሉትን ያነባሉ፤ ስለ ራሳቸውም ይጽፋሉ። በቃ ይህ ነው። ይህን የሠሩት ጥቁር ተማሪዎች ውጤት በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ከፍ አለ፤ ከነጮቹ ጋር የነበራቸው ልዩነትም በግማሽ ቀነሰ። በአንድ ሰዓት ንባብ ማንም ሰው ጭንቅላት አይተካለትም። የተለወጠው የባይተዋርነቱ ትርጉም ነው፤ «እኔ የዚህ ቦታ ሰው አይደለሁም» የነበረው «ሁሉም እንዲህ ይጀምራል» ሆነ።

እዚህ ላይ የኛን አሮጌ ውለታ ማንሣት አለብኝ። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 ሕክምና የተመረቀው ከየት ነው? ዋሽንግተን ከሚገኘው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1867 ተቋቁሞ ጥቁሮችን ሲያስተምር ከኖረው። ትዳሩንም የያዘው ከጥቁር አሜሪካዊት ጋር ነው። በ1937 በኒውዮርክ ያቋቋመው የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን በጠላት ለተወረረችው አገሩ ከጥቁር አሜሪካውያን እርዳታ ሲሰበስብ ነበር። ያን ጊዜ ሳንቲም ያዋጡት የነማን አያቶች ይመስሏችኋል? በዚያው በሃዋርድ የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ ያስተምር የነበረው ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ነው። የሐረርን ልጅ ከሃርለም ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ አስተምሯል። በ1964 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአፍሪካ ጥናት ተሸልሟል። ይህ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ የዶክትሬት ትምህርቱን አልጨረሰም። ምክንያቱም በዚያ ዘመን በዚያ ርእስ ላይ ሊያማክረው የሚችል መምህር ያለው ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ ሃንስቤሪ አቋረጠ ይባላል?

የጥቁሮች ኮሌጆችም ቢሆኑ ከገንዘቡ ወጥመድ አላመለጡም። በ2011 መንግሥት ለወላጆች የሚሰጠውን ብድር መመዘኛ ሲያጠብቅ በነዚህ ኮሌጆች የሚማሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ወላጆቻቸው ብድር ተከለከሉ፤ ብዙዎቹም ከትምህርት ገበታ ተነሡ። በአንጻሩ በ2019 ሮበርት ስሚዝ የተባለው ባለጸጋ በሞርሃውስ ኮሌጅ ምረቃ ላይ ተነሥቶ የዚያን ዓመት ተመራቂዎች የትምህርት ዕዳ እከፍላለሁ አለ። አራት መቶ ለሚጠጉ ልጆች 34 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ደግ ሥራ ነው፤ እልል ይባልለታል። ግን ከምረቃው በፊት ሻንጣቸውን አስረው የሄዱት በዚያ ሜዳ ላይ አልነበሩም። እልልታው የደረሰው ለደረሱት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ተገፍቶ ይወጣል አልልም። ልቡ ሌላ ሥራ ላይ ሆኖ የሚወጣ አለ። ትምህርት ጠልቶ የሚወጣ ጥቁርም ነጭም ሐበሻም አለ። የሁለተኛ ደረጃ ዝግጅት ማነስም እውነት ነው፤ በዚህ አገር የትምህርት ቤት ገንዘብ ትልቅ ድርሻ የሚመጣው ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሆነ የድኻ ሠፈር ልጅ የድኻ ትምህርት ቤት ይደርሰዋል። ነገር ግን ጉዳዩ የተማሪው ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤቱ ሲለወጥ ውጤቱ ባልተለወጠ ነበር። ተለውጧል። አትላንታ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2003 ከተማሪዎቹ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚያስመርቀው 32 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2011 ጥቂት መቶ ዶላር ጎድሏቸው ሊሰረዙ ለነበሩ ተማሪዎች ሳይጠይቁ ጉድለታቸውን የሚሞላ አነስተኛ እርዳታ ጀመረ። በ2012 ደግሞ ተማሪው ሲንገዳገድ አማካሪው ወዲያው የሚያውቅበትን ዘዴ ዘረጋ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከግማሽ በላይ ያስመርቅ ነበር፤ ጥቁር ተማሪዎቹም ከነጮቹ እኩል ወይም በልጠው ይመረቁ ነበር። እዚሁ አጠገባችን ሜሪላንድ፣ ፍሪማን ህራቦውስኪ በ1988 የተመሠረተውን የማየርሆፍ ፕሮግራም ይዞ እስከ 2022 ድረስ ጥቁር ወጣቶችን በሳይንስ ሲያስመርቅ ነበር፤ ዘዴው አብሮ ማጥናት፣ አብሮ መኖር፣ ከፍ ያለ ነገር መጠበቅ ነው። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው። የተለወጠው ቤቱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬን በኔ በኩል መልሻለሁ፤ አብዛኛው ተቋርጦበት ነው የሚወጣው። የሚቆርጠው ደግሞ አንድ ትልቅ መጋዝ አይደለም። የአንድ ሺህ ዶላር ሆልድ፣ የዘገየ ሰነድ፣ የአያት መድኃኒት፣ ብቻ የተጠና ካልኩለስ፣ ያልዞረ አንገትና የዞረ አንገት፤ እነዚህ ናቸው አንድ ላይ የሚቆርጡት።

ሐተታ ብቻ ጽፎ መቀመጥ የኛ ዘመን ተማሪ ዋና በሽታ ነውና አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ማኅበራችን የሚያውቀው ጥበብ አለ። ሠላሳ ሆነን በወር ሃያ ሃያ ዶላር ብንጥል በወር 600፣ በአንድ ሴሚስተር በአራት ወር 2,400 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ የአንዲትን የባልቲሞር ልጅ ሆልድ ሁለት ጊዜ ይፈታል። ዕጣ አይወጣም፤ የሚወስደው በምዝገባ ሰሞን የተያዘ ሰው ነው፤ ሲችል ይመልሳል። እባካችሁ ደግሞ የሐበሻ ብቻ አናድርገው። የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ቢሮ ከኛ ቢሮ ሁለት በር ነው የሚርቀው፤ ስንቶቻችን ገብተን እናውቃለን? ሁለተኛው ነገር ገንዘብም አይጠይቅም። ሐሙስ ማታ የማኅበሩ ክፍል ባዶ ነው። ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስ የሚማር ሁሉ፣ የኛም የነሱም፣ ይምጣ፤ ጎበዙም ይምጣ። ዳቦና ሻይ እናዘጋጃለን፤ እንጀራ የሚያመጣ ከተገኘም አንጠላም።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን በአጀንዳ ይያዝልን። ስም የሚጻፍበትን ደብተር እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ የመጀመሪያዋን ሃያ ዶላርም።